ያገለገለ የሸክላ ማጫወቻ ለሚገዙ ቤተሰቦች

አባቶች ያቆዩአቸውን ሸክላዎች እንደ ገና ለመስማት የሚሹ ቤተሰቦች ጥሩ ማጫወቻ፣ አምፕሊፋየርና ስፒከር ይፈልጋሉ። የአዲሱ ዋጋ ከፍ ያለ ስለሆነ ያገለገለውን መግዛት ነውር የለበትም፤ በሚገባ የተሠራና በጥንቃቄ የተያዘ መሣሪያ ብዙ ዘመን ይቆያልና። ነገር ግን ከመቱ እስከ አዲስ አበባ ያለው መንገድ 600 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ የተበላሸ ዕቃ ገዝቶ ወደ መቱ፣ ወደ ጎሬ ወይም ወደ ሁሩሙ የተመለሰ ሰው ዕቃውን መልሶ ለማስረከብ አይመቸውም። ለልጆች ትምህርት ከታሰበው ገንዘብ ተቀንሶ የተገዛ መሣሪያ ድምፁ የጠፋ እንደ ሆነ፣ ኀዘኑ የቤተሰቡ ሁሉ ነው።

አስቀድሞ የሚመረመረው ከጀርባው የተጻፈው የኤሌክትሪክ ልክ ነው። የአገራችን መብራት 220 ቮልትና 50 ሄርዝ ነው። ለአሜሪካ የተሠራው 120 ቮልትና 60 ሄርዝ፣ ለጃፓን የተሠራው 100 ቮልት ይሻል፤ በቀጥታ ቢሰኩት ሊቃጠል ይችላል። ትራንስፎርመር ቮልቱን ያስተካክላል እንጂ ሄርዙን አይለውጥም። ስለዚህ ፍጥነቱን ከመብራቱ ሄርዝ የሚወስድ የአሜሪካ ማጫወቻ፣ በደቂቃ 45 ጊዜ መዞር የሚገባውን ሸክላ 37 ጊዜ ተኩል ብቻ ያዞረዋል፤ የዘፋኙም ድምፅ ወፍሮ ይጎተታል። አቶ አምሃ እሸቴ ከ1969 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ያሳተሟቸው ትንንሽ ሸክላዎች በ45 የሚዞሩ ናቸውና፣ ይህ ፍጥነት መኖሩንና ትክክል መሆኑን ማረጋገጥ ያስፈልጋል።

ሁለተኛው ስፒከሩ ነው። የፊቱን ጨርቅ ገልጦ ዙሪያውን በጣት በቀስታ መንካት ይገባል፤ ዙሪያው ስፖንጅ የሆነ እንደ ሆነ በዕድሜ ብዛት ይፈረፈራልና። ይልቁንም ኢሉባቦር ዝናብና እርጥበት የበዛበት አገር ስለሆነ፣ በዚያ የኖረ ዕቃ ዝገትና ሻጋታ እንዳያገኘው አጥብቆ መመልከት ያሻል።

ሦስተኛው መርፌው ነው። ያለቀ መርፌ ሸክላውን ፍቆ ያበላሸዋል፤ የጠፋውም ድምፅ አይመለስም። ስለዚህ የአዲስ መርፌ ዋጋ ከመሣሪያው ዋጋ ጋር አብሮ ይታሰብ።

በመጨረሻም የራስን ሸክላ ይዞ ሄዶ ግማሽ ሰዓት ያህል ማዳመጥ ይበጃል፤ መሣሪያው ሲሞቅ የሚመጣ ጕድለት በአምስት ደቂቃ አይታወቅምና። የድምፁን ቁልፍ ሲያዞሩት ኮሽ ኮሽ ቢል ብዙውን ጊዜ በጽዳት ይድናል፤ አንዱ ወገን ጨርሶ ዝም ቢል ወይም የመቃጠል ሽታ ቢሸት ግን መተው ይሻላል። የቸኮለ አፍሶ ይለቅማል። ሻጭም የሚያውቀውን ጕድለት ሳይሸሽግ ይናገር፤ የጎረቤት እምነት ከአንድ ዕቃ ዋጋ ይበልጣልና።