ያልገባንን መስመር አንጻፍ

ገበሬ ሞፈርና ቀንበሩን ሳያሰናዳ ወደ እርሻው አይወጣም። ፕሮግራም የሚጽፍ ተማሪም እንዲሁ አስቀድሞ መሣሪያውን ማሰናዳት ይገባዋል። በሊኑክስ ለምንሠራ ተማሪዎች ዋናው መሣሪያ ሼል ነው፤ ይኸውም በጽሕፈት የምንሰጠውን ትእዛዝ ተቀብሎ የሚያስፈጽም ፕሮግራም ነው። ከሼሎች ሁሉ የታወቀውን ባሽን ብራያን ፎክስ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1989 ዓ.ም. አወጣው። የትእዛዝ መስኮት በከፈትን ቁጥር ባሽ የመነሻ ፋይሉን ያነብና በዚያ የጻፍነውን ሁሉ ይፈጽማል።

በክፍላችን ግን ሌላው የጻፈውን ረጅም የመነሻ ፋይል እንዳለ ገልብጦ የራስ የማድረግ ልማድ ተስፋፍቷል። እኔ ይህን ልማድ እቃወማለሁ፤ የምቃወመውም ራሴ ስለተቀጣሁበት ነው።

ባለፈው ዓመት ከአንድ ጓደኛዬ 200 ያህል መስመር ገለበጥሁ። ቀለሙ የደመቀ፥ መልኩም ያማረ ነበር። ዳሩ ግን ከመስመሮቹ አንዱ፥ ሼሉ ትእዛዞችን የሚፈልግባቸውን የፎልደሮች ዝርዝር፥ ማለት ፓዝ የሚባለውን፥ በነባሩ ላይ በመጨመር ፈንታ ነባሩን ደምስሶ በሌላ ተካው። ከዚያ ወዲያ የፋይሎችን ስም የሚዘረዝረውን ኤልኤስን እንኳ ብጽፍ መልሱ «ትእዛዙ አልተገኘም» ሆነ። ፕሮግራሞቹ ከቦታቸው አልጠፉም ነበርና ሙሉ አድራሻቸውን ጽፌ ብጠራቸው ኖሮ በታዘዙልኝ ነበር፤ ይህን ግን አላወቅሁም። የቡድናችን ሥራ በማግሥቱ የሚቀርብ ስለ ነበር ሌሊቱን ስሕተቱን ስፈልግ አደርሁ። ጓደኞቼም በእኔ ምክንያት ያላለቀ ሥራ ይዘው በመምህራችን ፊት ቆሙ።

«ታዲያ የመነሻ ፋይሉን ጨርሶ አለመንካት አይሻልምን?» የሚሉ አሉ። አስተያየታቸው ከንቱ አይደለም። ፋይል የሚያጠፋው አርኤም የተባለው ትእዛዝ ዘወትር አስቀድሞ እንዲጠይቀው በአሊያስ ያዘዘ ሰው ጥያቄውን ተማምኖ ይለምዳል፤ በሌላ ኮምፒዩተር ሲቀመጥ ግን ያው ትእዛዝ ሳይጠይቅ ያጠፋበታል። ስለዚህ ለነባሩ ትእዛዝ አዲስ ጠባይ ከመስጠት ይልቅ ለአዲሱ ጠባይ አዲስ ስም ማውጣት ይበጃል። ይሁን እንጂ በቀን ሃያ ጊዜ የምንጽፈውን ረጅም ትእዛዝ በሁለት ፊደል ማሳጠር፥ ካልተነገረው በቀር 500 ትእዛዝ ብቻ የሚያስታውሰውን ባሽ ብዙ እንዲያስታውስ ማድረግ፥ እውነተኛ ጥቅም ነው። ጥፋቱ ሳይረዱ መጻፍ ነው እንጂ መጻፉ አይደለም።

እንግዲህ ወንድሞቼና እኅቶቼ፤ የገቡን አምስት መስመሮች ካልገቡን ሁለት መቶ ይበልጣሉ። ከሰው መማር መልካም ነው፤ ነገር ግን እያንዳንዱን መስመር ምን እንደሚሠራ ጠይቀን እንውሰድ። ፋይሉን ከመለወጣችን በፊት ቅጂውን እናስቀምጥ፤ ከለወጥንም በኋላ አሮጌውን መስኮት ሳንዘጋ በአዲስ መስኮት እንፈትነው። በሰው ወርቅ አይደምቁ ይላሉ አባቶቻችን፤ የተዋስነው ፋይልም በጭንቅ ቀን አያደምቀንም።