ጥፋቱ የድምፅ ማጉያው ነው ወይስ የሳሎኑ?

የሙዚቃ መሣሪያ ለመግዛት ወደ ሱቅ ብቅ የሚል ሰው አስቀድሞ የሚጠይቀው «ስንት ዋት ነው?» ብሎ ነው። ጥያቄው ስሕተት ባይሆንም የመጀመሪያው ሊሆን አይገባውም ብለን እናምናለን። ሊቀድም የሚገባው «ሳሎኔ ስንት ሜትር ነው?» የሚለው ነው።

ይህን እንድንል ያደረገን በለቡ መብራት ኃይል በአንድ ወዳጃችን ቤት ያጋጠመን ነገር ነው። ወዳጃችን ለዓመታት በሁለት ስቴሪዮ ስፒከሮች ሲያደምጡ ኖረው፣ ዝቅተኛውን ድምፅ ብቻ የሚያወጣ ሰብዉፈር ጨመሩበት። ሶፋው ላይ የተቀመጠው እንግዳ ቤዙ እያጓራ ሲያስቸግረው፣ በሳሎኑ መካከል ከረከቦቱ ፊት ተቀምጣ ቡና የምታፈላው ልጃቸው ግን «ቤዙ የታለ?» አለች። አባት ቮልዩሙን ጨመሩ። ልጅቱ ሳትረካ ጎረቤት በር አንኳኳ።

ሁለቱም እውነታቸውን ነበር። የሳሎኑ ርዝመት 5፣ ወርዱ 4፣ ከፍታው 2.8 ሜትር ነው። ድምፅ 20 ዲግሪ ሴልሺየስ በሆነ አየር ውስጥ በሴኮንድ 343 ሜትር ያህል ይጓዛል። በሁለት ትይዩ ግድግዳዎች መካከል የሚፈጠረው የመጀመሪያው ቋሚ ሞገድ ርዝመት የክፍሉ ርዝመት እጥፍ፣ ማለትም 10 ሜትር ስለሚሆን፣ 343 ለ10 ሲካፈል ድግግሞሹ 34 ሄርዝ ገደማ ነው። በወርዱ በኩል ደግሞ 43 ሄርዝ እናገኛለን። የቤዝ ጊታር ወፍራሙ ክር 41 ሄርዝ ገደማ መሆኑን ልብ ይሏል።

በእንዲህ ያለው ሞገድ የአየሩ ግፊት መዋዠቅ በግድግዳዎቹ አጠገብ እጅግ ከፍተኛ፣ በመካከል ግን ለዜሮ የቀረበ ነው። እኛ ደግሞ ሶፋዎቻችንን በግድግዳ ዙሪያ ደርድረን መካከሉን ለቡና የምንተው ሰዎች ነን! ሰብዉፈሩንም ቦታ እንዳይዝብን ጥግ ውስጥ እንወትፈዋለን፤ ጥግ ማለት ሁሉም ቋሚ ሞገዶች በአንድነት የሚቀሰቀሱበት ስፍራ ነው። ዋት መጨመር የሚያጓራውንም የጠፋውንም በእኩል መጠን ከፍ ያደርጋል እንጂ ልዩነቱን አያጠብም። አቡጀዴ ኮርኒስ በነበረው የወላጆቻችን የጭቃ ቤት ችግሩ ያን ያህል ባልተሰማ ነበር፤ ጨርቁ ዝቅተኛውን ድምፅ ወደ ጣራው ያሳልፈዋልና። ብሎኬትና ኮንክሪት ግን አብዛኛውን መልሰው ይወረውሩታል።

ሁለተኛው ጣጣ የሁለቱ ስፒከሮችና የሰብዉፈሩ መገናኛ ላይ ነው። ሥራ የሚከፋፈሉበት ድግግሞሽ ብዙ ጊዜ 80 ሄርዝ ይደረጋል፤ ከዚህ እጅግ ከፍ ካለ ጆሮ የቤዙን መምጫ ስለሚለይ የድምፃዊው ጉሮሮ ከጥግ የሚወጣ ይመስላል። የ80 ሄርዝ ሞገድ ርዝመት 4.3 ሜትር ነው። ሰብዉፈሩ ከስፒከሮቹ ይልቅ በ2 ሜትር ከአድማጩ ቢርቅ፣ ልዩነቱ የሞገዱን ግማሽ ሊያህል ምንም አልቀረውም። ስለዚህ አንዱ ሲገፋ ሌላው ይስባል፤ ሁለት ድምፅ ተደምሮ ዝምታ ይቀርባል። በጀርባው ያለችው የፌዝ ማብሪያ የተሠራችው ለዚህ ነበር፤ የሚነካት ግን ጥቂት ነው።

በነገራችን ላይ ተማሪዎች የአዲስ አበባ ከፍታ የድምፅን ፍጥነት ይቀንሰው እንደሆነ ይጠይቁናል። አይቀንሰውም፤ ግፊቱና እፍጋቱ አብረው ስለሚቀንሱ ወሳኙ የሙቀት መጠን ነው። ነገር ግን አየራችን በባሕር ወለል ካለው በሩብ ያህል ስለሚሳሳ፣ ያው የስፒከር እንቅስቃሴ እዚህ ከ2 ዴሲቤል በላይ ያነሰ ድምፅ ይሰጣል።

እኛ መምህራንም ከወቀሳ አናመልጥም። ቋሚ ሞገድን በክርና በቱቦ እየሣልን ለፈተና እናስተምራለን፤ ተማሪው ግን በገዛ ሳሎኑ ሦስት እርምጃ ተራምዶ በጆሮው እንዲለካው አንጠይቀውም። የሚያስፈልገው አንድ ድምፅ ማጉያና ወጥ ቃና የሚያወጣ የእጅ ስልክ ብቻ ነው።

በለቡ ያደረግነው ይህንኑ ነው። ሰብዉፈሩን አንስተን አድማጩ በሚቀመጥበት ሶፋ ላይ አኖርነው፤ ከዚያም ሙዚቃው እየተጫወተ ጎንበስ ብለን ግድግዳውን ተከትለን ዞርን። ምንጭና አድማጭ ቦታ ቢለዋወጡ የሚሰማው ድምፅ አንድ ነው፤ ሎርድ ሬይሊ እ.ኤ.አ. ከ1877 ጀምሮ በታተመው የድምፅ ንድፈ ሐሳብ መጽሐፋቸው ይህን የመለዋወጥ ሕግ አብራርተውታል። ቤዙ ሳያጓራ ጥርት ብሎ የተሰማን በረጅሙ ግድግዳ አጋማሽ ላይ ነበር፤ በዚያ ስፍራ የ34 ሄርዙ ሞገድ ግፊት ዜሮ ስለሆነ ሰብዉፈሩ ሊቀሰቅሰው አይችልም። ሰብዉፈሩን እዚያው አስቀምጠን፣ ሶፋውን ከግድግዳው ግማሽ ሜትር አራቅነው። የ80 ሄርዝ ቃና አሰምተን የፌዝ ማብሪያዋን ወዲያና ወዲህ እያልን ድምፁ በጎላበት በኩል ተውናት።

ቮልዩሙ ከቀድሞው ዝቅ ብሎ እንግዳውም አባትየውም ረኩ፤ ጎረቤትም በዚያ ምሽት አልመጣም። በወርዱ በኩል ያለው 43 ሄርዝ ግን ለልጅቱ አሁንም እንደጠፋባት ነበር። ረከቦቱን አንድ ሜትር ያህል በረጅሙ ግድግዳ በኩል ወዳለው መስኮት አስጠጋችና ሁለተኛውን ጀበና ጣደች።