ልጁ የሚሠራው ሙዚቃ ነው ወይስ ጩኸት?

አንዲት የቦሳ ኪቶ እናት በዚህ ሳምንት ቤቴ ድረስ መጥተው ነበር። የአሥራ ስምንት ዓመት ልጃቸው ከትምህርት ቤት ሲመለስ ላፕቶፑን ከፍቶ፣ ማዳመጫውን ጆሮው ላይ ደፍቶ እስከ እኩለ ሌሊት አይነቃነቅም። «ሙዚቃ እየሠራሁ ነው ይለኛል። ክራር የለ፣ ጊታር የለ፣ ዘፋኝ የለ! ምኑን ነው የሚሠራው? ደግሞስ መጨረሻው ጭፈራ ቤት አይደለም ወይ?» አሉኝ።

እኔ ዘንድ መምጣታቸው ያለ ምክንያት አይደለም። ከሃያ ዓመት በላይ በጅማ ሆቴሎች፣ በአጋሮና በሊሙ ሰርጎች ኪቦርድ ስጫወት ኖሬያለሁ። ቡና ተሸጦ ገንዘብ እጅ ሲገባ ሰርጉ ይደራረባል፤ ከአንዱ ድንኳን ወደ ሌላው ሳንተኛ የሄድንባቸው ሳምንታት ነበሩ። ስለዚህ መሣሪያውንም ጭፈራ ቤቱንም በጨረፍታ አላውቃቸውም።

መጀመሪያ ስለ ሥራው ልንገራችሁ። ልጁ መሣሪያ አለው፤ ያለው ስክሪኑ ውስጥ ነው። ከበሮውን ምት በምት ይደረድራል፣ ባሱን ይጨምራል፣ ቢፈልግ የአያቱን እንጉርጉሮ ወይም የቡና ሙቀጫ ምት በስልኩ ቀድቶ ይቆራርጠዋል። ችግሩ፣ ፕሮግራሞቹ የእኛን ሙዚቃ አስበው የተሠሩ አይደሉም። ብዙዎቹ ገና ሲከፈቱ አራት አራት የሚቆጥር ምት ይዘው ይጠብቃሉ፤ የእኛ ችክችካ ግን በስድስት ነው የሚሄደው። ቅኝቱም እንዲሁ ነው። የኪቦርድ ቁልፎች በእኩል ርቀት የተከፋፈሉ ናቸው፤ በክራር የሚቃኘው አንቺሆዬ ደግሞ በዚያ ልክ በትክክል አይቀመጥም። እኔ ስጫወት አንዳንድ ሽማግሌዎች «ጥሩ ነው፤ ግን የሆነ ነገር ጎድሎታል» ይሉኝ ነበር። የጎደለው ይኼ ነው። ዛሬ በኮምፒውተር አንዷን ድምፅ ነጥሎ በጥቂቱ ከፍ ወይም ዝቅ ማድረግ ይቻላል። ልጁ ይህን ሲያስተካክል እኩለ ሌሊት ቢደርስ አይገርመኝም።

መጨረሻውንስ? ጅማ ላይ ተቀምጦ ስለዚህ ጉዳይ የሚያወራ ሰው ሙላቱ አስታጥቄን መዝለል አይችልም። እ.ኤ.አ. በ1943 እዚሁ ጅማ ተወለዱ። ቤተሰቦቻቸው ወደ ዌልስ የላኳቸው ኢንጂነሪንግ እንዲማሩ ነበር፤ እሳቸው ግን ወደ ሙዚቃው አዘነበሉና በለንደን፣ ከዚያም በቦስተን በርክሊ ሙዚቃ ተምረው ኢትዮ ጃዝን ፈጠሩ። የሚጫወቱት ቫይብራፎን ራሱ ግማሽ ማሽን ነው፤ ከብረት ቁልፎቹ ሥር ባሉት ቱቦዎች አናት ላይ በኤሌክትሪክ ሞተር የሚሽከረከሩ ዝርግ ክቦች ድምፁን ያርገበግቡታል። በኋላ ደግሞ አሜሪካ በሚገኘው የማሳቹሴትስ ቴክኖሎጂ ተቋም ክራርን በማዘመን ሥራ ላይ ተሳትፈዋል። ኢንጂነሪንጉ በሌላ በር ገባ ማለት ነው።

የኃይሉ መርጊያ ታሪክ ግን ለወላጅ ጣፋጭም መራራም ነው። የዋልያስ ባንድ ኪቦርዲስት ነበሩ። በደርግ ዘመን ሰዓት እላፊ ሲታወጅ የምሽት ቤቱ በር ይዘጋና ታዳሚውም ባንዱም እስኪነጋ ውስጥ ያድሩ ነበር። ባንዱ ለጉዞ አሜሪካ ሲሄድ እሳቸው እዚያው ቀሩ። እ.ኤ.አ. በ1985 ዋሽንግተን ውስጥ አኮርዲዮንን ከሲንተሳይዘርና ከምት ማሽን ጋር አዋሕደው ብቻቸውን አንድ አልበም ቀረጹ። ከዚያ በኋላ ለዓመታት ታክሲ ነዱ፤ ኪቦርዳቸው በመኪናው ኮፈን ውስጥ ነበር፤ ተሳፋሪ እስኪመጣ ይለማመዱበታል። አልበሙ በ2013 እንደገና ሲታተም ዓለም ሰማቸው፤ ወደ መድረክም ተመለሱ። ሃያ ስምንት ዓመት መሆኑ ነው! ሙዚቃ እንጀራ ይሆናል ወይ ለሚለው ጥያቄ ከዚህ የተሻለ ሐቀኛ መልስ የለኝም፤ ይሆናል፣ ግን ታክሲው ዝግጁ ይሁን። ልጁ ፈተናውን ይፈተን፣ ሌላ ሙያም ይያዝ።

በእኛ ዘመንም መንገዱ ተከፍቷል። ሮፍናን ኑሪ ከዲጄነት ተነሥቶ በ2010 ዓ.ም. «ነጸብራቅ» የተባለውን አልበሙን ሲያወጣ፣ የአገር ቤት ዜማና የኤሌክትሮኒክ ምት አብረው ሊጨፈሩ እንደሚችሉ ብዙ ሰው አምኗል። እንደገና ሙሉና ሚካኤል ሰይፉም ባህላዊ ድምፆችን በኮምፒውተር እየሠሩ በውጭ አገር አሳታሚዎች በኩል አውጥተዋል።

ስለ ጭፈራ ቤቱ እናቶች የሚፈሩትን አውቃለሁ። መጠጡ አለ፣ ሌሊቱ አለ፣ ጫቱ አለ። እኔ ያየሁት ግን ሥራውን እንደ ሥራ የያዘ ሰው ተጫውቶ፣ ሒሳቡን ተቀብሎ ቤቱ እንደሚገባ ነው። ማንም ያላስጠነቀቀኝ ጉዳት ሌላ ነው። የግራ ጆሮዬ ቀንና ሌሊት ጭው ይላል። ለዓመታት የቆምኩት በስፒከሩ በስተቀኝ ነበር። የልጅ ልጄ በግራ በኩል ሆና በዝግታ ስታወራኝ ከንፈሯን ነው የማየው። የጅማ ዝናብ ቆርቆሮው ላይ ሲወርድማ ጨርሶ አልሰማትም።

የድምፅ መጠን በዴሲቤል ይለካል። 85 ዴሲቤል ሲሆን ለስምንት ሰዓት መቆየት ይቻላል ይላሉ የሥራ ጤና ባለሙያዎች። ታዲያ ሦስት ዴሲቤል በተጨመረ ቁጥር ሰዓቱ በግማሽ ይቀንሳል፤ 88 ሲሆን አራት ሰዓት፣ 91 ሲሆን ሁለት ሰዓት እያለ 100 ላይ ሲደርስ የሚቀረው ሩብ ሰዓት ብቻ ነው። ሰርግ ቤት የሚቆም ሞንታርቦ 100 ለመድረስ አይቸገርም። በጆሮ ውስጥ ያሉት ድምፅ ተቀባይ ሕዋሳት አንዴ ከሞቱ ደግሞ አይተኩም። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2022 ለጭፈራ ቤቶችና ለኮንሰርቶች ያወጣው መመዘኛ አማካይ ድምፁ ከ100 ዴሲቤል እንዳይበልጥ፣ ጸጥ ያለ ማረፊያ ቦታም እንዲኖር ይጠይቃል።

እናትየውን የመከርኳቸውም ይህንኑ ነው። ላፕቶፑን አይንጠቁት፤ የማዳመጫውን ድምፅ ከስልሳ በመቶ አያሳልፍ፣ በየሰዓቱ አውልቆ ይነሣ። ዲጄ ሆኖ ከቆመ የጆሮ መድፈኛ ይግዙለት።

በመጪው የቡና ወቅት ሰርግ ያለባችሁ ደግሞ ከሞንታርቦው ባለቤት ጋር ስትዋዋሉ ዋጋውን ብቻ ሳይሆን የሚቆምበትንም ቦታ ተነጋገሩ። ደጅ ላይ ከስፒከሩ ያለው ርቀት እጥፍ ሲሆን ድምፁ በስድስት ዴሲቤል ገደማ ይወርዳል። ሁለት ሜትር ላይ የተቀመጠ እንግዳ ወደ ስምንት ሜትር ቢሸሽ አሥራ ሁለት ዴሲቤል አተረፈ። ሕፃን የታቀፉ እናቶችና አያቶች ከድንኳኑ ኋላ ይቀመጡ፤ ምግቡ እዚያም ይደርሳል።