የአሶሳ ነጋዴ ከአፕ በፊት መዝገብ ያስፈልገዋል

አነስተኛ ንግድን በቴክኖሎጂ ስለማገዝ በሚወራባቸው መድረኮች የሚቀርበው ዝርዝር ብዙም አይለዋወጥም፤ ኮምፒውተር፣ የሒሳብ ሶፍትዌር፣ የሽያጭ መመዝገቢያ ማሽን፣ ድረ ገጽ፣ አሁን አሁን ደግሞ በስማርት ስልክ የሚጫን አፕ። ዝርዝሩ ለቦሌና ለመርካቶ ነጋዴ ያስኬድ ይሆናል። ከአዲስ አበባ 660 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ በምትገኘው አሶሳ ለሚነግድ፣ ለባምባሲ የማንጎ አቅራቢ ወይም ለኩርሙክ ባለ ሱቅ ግን ጉዳዩ ከሌላ ቦታ መነሳት አለበት። ለእነዚህ ሰዎች ርካሽና ጠቃሚ መሣሪያ መብራት በጠፋበት፣ ኔትወርክ በተቆራረጠበት፣ መንገድ በተዘጋበት ቀንም የሚሠራው ነው። ይህን ፈተና የሚያልፈው ደግሞ ባለ ቁልፍ ስልክና ደብተር፣ ሁለቱ አንድ ላይ ሆነው የሚሠሩት የንግድ መዝገብ ነው። የቤኒሻንጉል ጉሙዝ ክልል መንግሥትም ሆነ የልማት ድርጅቶች ገንዘባቸውን መጀመሪያ ማዋል ያለባቸው እዚህ ላይ ነው።

የአንድ ዕቃ ርካሽነት በመግዣ ዋጋው ብቻ አይለካም። መግዣውም ቢሆን እየከበደ ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም የውጭ ምንዛሪ ተመኑ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ 100 ብርን አለፈ። ኮምፒውተሩም፣ ማተሚያውም፣ የክፍያ ማሽኑም ከውጭ የሚመጡ ናቸውና ጭማሪው የወጣው በቀጥታ ከነጋዴው ኪስ ነው። በዚህ ላይ ማስጠገኛው አለ። በግልገል በለስ ወይም በካማሺ የተበላሸ ማሽን ባለሙያና መለዋወጫ እስኪያገኝ ሱቁ ያለ መዝገብ ይቆያል። በወለጋ በኩል የሚያልፈው የአሶሳ መንገድ በጸጥታ ችግር የተዘጋባቸውን ጊዜያት ለሚያስታውስ ሰው ይህ ባዶ ስጋት አይደለም። መብራቱም ሌላ ጣጣ ነው። 5,150 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም ያለው ታላቁ የሕዳሴ ግድብ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም የተመረቀው በዚሁ ክልል፣ በጉባ ወረዳ ነው። ግድቡ በክልሉ መኖሩ ግን የክልሉን ባለ ሱቆች ከመብራት መቆራረጥ አላዳናቸውም። ባለ ቁልፍ ስልክ አንዴ ከሞላ ቀናትን ይዘልቃል፤ በትንሽ የፀሐይ ኃይል ሰሌዳም ይሞላል።

በዚህ ስልክ ምን መሥራት እንደሚቻል ብዙ ጊዜ ተገቢው ግምት አይሰጠውም። ቴሌብር ግንቦት 3 ቀን 2013 ዓ.ም ሥራ ሲጀምር ስማርት ስልክ ለሌለው ሰው *127# የሚለውን መንገድ ይዞ ነበር። ይህ አገልግሎት ኢንተርኔት አይፈልግም፤ የድምፅ ኔትወርክ እስካለ ድረስ ይሠራል። ሲቢኢ ብርም በተመሳሳይ መንገድ ይሠራል፤ በ2015 ዓ.ም ማብቂያ ደግሞ የሳፋሪኮም ኤም ፔሳ ተጨመረ። ቴሌብር ብቻውን ዛሬ ከ50 ሚሊዮን በላይ ደንበኞች ተመዝግበውበታል። ዋናው ቁም ነገር ግን ገንዘብ መላኩ አይደለም። እያንዳንዱ ግብይት ቀኑን፣ መጠኑንና የከፋዩን ማንነት የያዘ አጭር መልእክት ትቶ ያልፋል። ነጋዴው ሳያስበው የመዝገቡ ግማሽ ተጽፎለታል ማለት ነው። የቀረውን ግማሽ፣ በጥሬ ገንዘብ የተሸጠውን፣ በዱቤ የወጣውንና ለቤት የተወሰደውን ደብተሩ ይሞላዋል። «ዱቤ ዛሬ የለም» የሚል ጽሑፍ በተለጠፈበት ሱቅ ውስጥ እንኳ ዱቤ መኖሩን ሁሉም ያውቃል፤ ብዙ ጊዜ የሌለው ማን ስንት እንዳለበት ዓመቱን ሙሉ የሚያሳይ ንጹሕ ጽሑፍ ነው።

ቀላሉ መንገድ ከውስብስቡ ይበልጣል የሚለው ሐሳብ ከድህነት የተወለደ መጽናኛ እንዳይመስል ማስረጃው ይታይ። በዶሚኒካን ሪፐብሊክ ከ1,000 በላይ የማይክሮ ፋይናንስ ደንበኞች ላይ የተካሄደና እ.ኤ.አ. በ2014 የታተመ ጥናት አነስተኛ ነጋዴዎችን ከፍሎ አንዱን ቡድን መደበኛ የሒሳብ አያያዝ፣ ሌላውን ደግሞ የቤትንና የሱቅን ገንዘብ በተለያየ መሳቢያ ማስቀመጥን የመሳሰሉ ቀላል ደንቦች አስተማረ። የሒሳብ አያያዛቸው በግልጽ የተሻሻለው ቀላሉን የተማሩት ናቸው፤ በመደበኛው ትምህርት የታየ ይህ ነው የሚባል ለውጥ አልነበረም። ኬንያን፣ ጋናንና ናይጄሪያን ጨምሮ በ7 አገሮች የተሠራ ሌላ ጥናት መዝገብ መያዝን የመሰሉ ልማዶች ያሏቸው አነስተኛ ድርጅቶች ሽያጫቸው ከፍ እንደሚልና በሥራ ላይ የመቆየት ዕድላቸው እንደሚሰፋ አሳይቷል። የኬንያው ኤም ፔሳ እ.ኤ.አ. በ2007 የተነሳው ደግሞ በተራ ስልክ ላይ ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 ሳይንስ በተባለው መጽሔት የወጣው ጥናት አገልግሎቱ 194,000 ቤተሰቦችን ከድህነት እንዳወጣና 185,000 ሴቶች ከእርሻ ወደ ንግድ ሥራ እንዲዞሩ እንደረዳ ገምቷል።

ለአሶሳ ነጋዴ የመዝገብ ትልቁ ዋጋ በብድር በር ላይ ይታያል። ባንክ በተለምዶ የሚጠይቀው ቤት ወይም ሌላ ከባድ ማስያዣ ነው፤ ሱቅ ተከራይቶ የሚሠራ ወጣትና ንብረቱ በባሏ ስም የተመዘገበ ሴት ከዚያ በር ይመለሳሉ። ሕጉ ግን ከተለወጠ ቆይቷል። አዋጅ ቁጥር 1147/2011 ተንቀሳቃሽ ንብረት ለብድር ዋስትና እንዲሆን ፈቅዷል። በ2014 ዓ.ም መጨረሻ የመጣው ቴሌብር መላ የደንበኛውን የግብይት ታሪክ አይቶ ያለ ማስያዣ አነስተኛ ብድር ይሰጣል፤ የኦሮሚያ ኅብረት ሥራ ባንክ ሚቹም ማስያዣ አይጠይቅም። እነዚህ ብድሮች መጠናቸው ትንሽ፣ ጊዜያቸው አጭር፣ ክፍያቸውም የማይናቅ ነው፤ ሱቅ ለማስፋት አይበቁም። የሚሻለው የቤኒሻንጉል ጉሙዝ ማይክሮ ፋይናንስ ተቋም የአንድ ዓመት የስልክ ግብይትና የደብተር መዝገብ ያለውን ነጋዴ እንደ ታማኝ ተበዳሪ የሚቀበልበት ግልጽ መመሪያ ቢያወጣ ነው። መዝገብ ዋጋ የሚያወጣበት ቦታ ካገኘ ሰው ሳይቀሰቀስ ይይዘዋል።

በዚህ ሐሳብ ላይ የመጀመሪያው ተቃውሞ ግብር ነው። «ጽፌ ካስቀመጥኩ ግብር ሰብሳቢው ያገኘዋል» የሚለው ፍርሃት መሠረት አለው፤ በተለይ በ2017 ዓ.ም የወጣው የፌዴራል ገቢ ግብር ማሻሻያ አዋጅ ቁጥር 1395/2017 ዓመታዊ ሽያጩ ከ2 ሚሊዮን ብር በታች የሆነ ግብር ከፋይ በሽያጩ መጠን እንዲከፍል ስለሚያደርግ። ነገር ግን መዝገብ የሌለው ነጋዴ ከግብር አያመልጥም፤ የሚያገኘው የገማች እጅ ነው። በ2009 ዓ.ም ክረምት የቀን ገቢ ግምት በብዙ ከተሞች ያስነሳውን ቁጣ አንረሳም። ያኔ «አልሸጥኩም» ያለ ነጋዴ የሚያሳየው ወረቀት ስላልነበረው ቃሉ በገማቹ ቃል ተሸነፈ። እውነተኛው አደጋ ሌላ ነው፤ ከዘመድ የመጣ ገንዘብና የእቁብ ዕጣ ከሽያጭ ጋር በአንድ ሒሳብ ተደባልቆ ሁሉም ሽያጭ ተብሎ ሊቆጠር ይችላል። መፍትሔው የሱቁን የነጋዴ ሒሳብ ከግል ሒሳብ መለየት ነው። ግብር ቢሮውም ወደ ግል ስልክ የገባ ገንዘብ ሁሉ ገቢ እንዳልሆነ በጽሑፍ ቢያረጋግጥ ፍርሃቱ በእጅጉ ይቀንሳል።

ሁለተኛው ተቃውሞ ኔትወርክ ነው፤ ኔትወርክ ከሌለ ቴሌብርም የለም። ትክክል ነው። በመተከልና በካማሺ በነበረው ግጭት ጊዜ ይህ በተግባር ታይቷል። ደብተሩን ከስልኩ መነጠል የማይገባውም ለዚህ ነው፤ አንዱ ሲቆም ሌላው ይቀጥላል። ከኔትወርኩ ያልተናነሰ ችግር ደግሞ ወኪል ነው። ክልሉ ከ50,000 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ ስፋት ሲኖረው በ1999 ዓ.ም ቆጠራ የሕዝቡ ብዛት 784 ሺህ ገደማ ነበር። ሰው እንዲህ በተራራቀበት አገር በየቀበሌው በቂ ጥሬ ገንዘብ ይዞ የሚቀመጥ ወኪል ማግኘት ከባድ ነው፤ ስልኩ ላይ ያለውን ብር ማውጣት ያልቻለ ሻጭ ደግሞ በሚቀጥለው ቀን ጥሬ ገንዘብ ብቻ ይቀበላል። ለጽሕፈት ቤቶች ኮምፒውተር ከመግዛት ለገጠር ወኪሎች የመንቀሳቀሻ ብድር መስጠት የተሻለ ውጤት ያመጣል የምለው ለዚህ ነው።

ሦስተኛው ቋንቋና እምነት ነው። በርታኛ ወይም ጉሙዝኛ ብቻ ለሚናገርና ማንበብ ላልተማረ ሰው በአማርኛ የተጻፈ ዝርዝር ምርጫ የተዘጋ በር ነው። ሚስጥር ቁጥሩን ለወኪሉ ወይም ለጎረቤት ልጅ ይሰጣል፤ ገንዘቡም ለአደጋ ይጋለጣል። የተቀነባበረ የክፍያ ምስል አሳይቶ ዕቃ ይዞ የሚሄድ አጭበርባሪም አለ። ለዚህኛው መድኃኒቱ አንድ ደንብ ነው፤ ከፋዩ በሚያሳየው ስልክ ሳይሆን በራስ ስልክ በገባው መልእክትና ቀሪ ሒሳብ ብቻ ማመን። ለቋንቋው ግን ነጋዴው ብቻውን መፍትሔ ሊያበጅ አይችልም። አገልግሎት ሰጪዎቹ በክልሉ ቋንቋዎች የድምፅ መመሪያ ማዘጋጀት አለባቸው፤ ሥልጠናውም በገበያ ቀን፣ በገበያው ቦታ፣ በሰዉ ቋንቋ መሰጠት ይኖርበታል።

«ታዲያ አሶሳ በደብተር ትቅር፣ ሌላው በኮምፒውተር ይራመድ ነው ወይ?» የሚል ይኖራል። አይደለም፤ ቅደም ተከተሉ ይታወቅ ነው። ማንጎውን ወይም ማሩን ለሩቅ ከተማ ገዢ የሚያስተዋውቅ ዛሬም ቴሌግራም ይጠቀም፤ ሽያጩ ደብተር የማይችለው ደረጃ ላይ የደረሰ ባለ ሱቅም ማሽኑን ይግዛ። ያ ደረጃ መድረሱን የሚነግረው ግን ራሱ መዝገቡ ነው፤ መዝገብ የለመደ ሰው ሶፍትዌር ሲያገኝ የሚያስገባው ቁጥር አለው፣ ያልለመደው ውድ ማሽን ገዝቶ አቧራ ያስቀምጥበታል። የክልሉ የሥራና ክህሎት ቢሮ በዓመቱ መጨረሻ ስንት ሰው እንዳሠለጠነና ስንት ዕቃ እንዳከፋፈለ ሪፖርት ማድረጉን ትቶ፣ ስንት ነጋዴ ዓመቱን ሙሉ መዝገብ እንደያዘና ከእነሱም ስንቱ በዚያ መዝገብ ብድር እንዳገኘ ይቁጠር። ቁጥሩ መጀመሪያ ላይ ትንሽ ሊሆን ይችላል፤ የመንግሥት ገንዘብ ወዴት መሄድ እንዳለበት የሚያሳየው ግን እሱ ነው።