ሚዛኑን ለሴት ያስረከበ ነጋዴ ይሸለም

ቡሬ የበርበሬ ገበያ የዋለ ደላላ አንድ ነገር አይጠፋውም። ዛላውን ከማሳ የለቀመችው ሴት ናት። አስጥታ ያደረቀችው፣ ቀዩን ከነጣው የለየችው፣ በጆንያ የሞላችውም እርሷው ናት። ጆንያው ሚዛን ላይ ሲወጣ ግን አብዛኛውን ጊዜ የሚመዝነው ወንድ፣ ዋጋ የሚቆርጠው ወንድ፣ ካርኒ የሚጽፈው ወንድ፣ የመጋዘኑን ቁልፍ የሚይዘውም ወንድ ነው። “ሴት ብታውቅ በወንድ ያልቅ” የሚለው ተረት ከቤት ወጥቶ የገበያ ደንብ የሆነ ይመስላል።

ጉዳዩ ለገበያ ገጽ የሚበቃው የገንዘብ ጉዳይ ስለሆነ ነው። በርበሬ ውኃ ተረጭቶበት፣ በቆሎ ሳይደርቅ ወይም ነቀዝ ገብቶበት ለሽያጭ እንደሚቀርብ የማያውቅ የጎጃም ነጋዴ የለም። በአንድ ኩንታል ውስጥ 3 ኪሎ ውኃ ካለ፣ 100 ኩንታል የገዛ ሰው 3 ኩንታል ውኃ በበርበሬ ዋጋ ገዛ ማለት ነው። ዛላውን በእጇ ጨብጣና ሰብራ እርጥበቱን የምትለየው ደግሞ ዕድሜዋን በሙሉ በርበሬ ስታሰጣና ስትደልዝ የኖረችው ሴት ናት። እርሷን ከሚዛኑ አጠገብ ያቆመ ነጋዴ ጽድቅ ሠራ ከመባሉ በፊት ኪሳራውን ቀነሰ ቢባል ይቀላል።

እንዲህ ያለውን ነጋዴ ግን የሚያመሰግነው የለም። በየዓመቱ የካቲት 29 ቀን የሴቶች ቀን ሲከበር ንግግር ይደረጋል፣ የምስክር ወረቀት ይታደላል፣ ፎቶ ይነሣል። በአዲስ አበባም አዊብ የተባለው የሴት ነጋዴዎችና ባለሙያዎች ማኅበር በሙያቸው የላቁ ሴቶችን ሲሸልም ቆይቷል። ይህ ደግ ሥራ ነው። ነገር ግን መሰላሉን የወጣችው ስትሸለም፣ መሰላሉን ይዞ ያወጣት ማን እንደ ሆነ የሚጠይቅ አይገኝም። ሳይጠየቅ በመቅረቱም ሌላው ነጋዴ ምን ቢያደርግ እንደሚከበር ሳያውቅ ይኖራል።

በር የከፈተው አለቃ

መሰላል መያዝ ምን ማለት እንደ ሆነ ለማየት ከአሜሪካ አንድ ታሪክ መዋስ ይቻላል። ኡርሱላ በርንስ የተባለች ጥቁር አሜሪካዊት፣ ኒውዮርክ ውስጥ በድሆች መኖሪያ እናቷ ብቻዋን ያሳደገቻት ልጅ ናት። እ.ኤ.አ. በ1980 ዜሮክስ በተባለው የፎቶ ኮፒ ማሽን ኩባንያ በክረምት ተለማማጅነት ገባች። ጥቁርም ሴትም በመሆኗ ሸክሟ ድርብ ነበር። በኩባንያው ስብሰባ ላይ ዌይላንድ ሂክስ ከተባለ ከፍተኛ ኃላፊ ጋር በአደባባይ ተሟገተች። ሰውየው ቂም ይዞ ወደ ጥግ ሊገፋት ይችል ነበር። እርሱ ግን እ.ኤ.አ. በ1990 ልዩ ረዳቱ አድርጎ ሾማት። በዚያ ወንበር ላይ ሆና ትልልቅ ውሳኔዎች እንዴት እንደሚወሰኑ በዓይኗ አየች። በማግሥቱ ዓመት የኩባንያው የበላይ ኃላፊ ለራሱ ረዳትነት ወሰዳት። እ.ኤ.አ. በ2009 ከአን መልካሂ፣ ከሌላ ሴት ሥራ አስኪያጅ፣ ሥልጣኑን ተረክባ ከአሜሪካ 500 ታላላቅ ኩባንያዎች አንዱን የመራች የመጀመሪያዋ ጥቁር ሴት ሆነች።

ከዚህ ታሪክ ለነጋዴ የሚጠቅመው ቁም ነገር ቀላል ነው። ሂክስ ገንዘብ አልሰጣትም፤ ውሳኔ ወደሚሰጥበት ክፍል አስገባት። ችሎታው የራሷ ነበር፤ በሩ ግን በሌላ ሰው እጅ ነበር።

በምዕራብ ጎጃም ድርብ ሸክሙ ሌላ መልክ አለው። ከገጠር ቀበሌ ፍኖተ ሰላም የገባች፣ ትዳሯ የፈረሰ፣ በከተማው ዘመድ የሌላት፣ ትምህርቷን ያቋረጠች ሴት መጀመሪያ የምታገኘው ሥራ ጠላና አረቄ መጥመቅ፣ ጉልት መቸርቸር ወይም የሰው ቤት መቀጠር ነው። የችርቻሮውን ንግድ በየሰፈሩ የያዙት ሴቶች ናቸው። ጅምላው፣ የጭነት መኪናውና መጋዘኑ ግን በወንዶች እጅ ነው። ከጉልት ወደ ጅምላ የሚያሻግረው ድልድይ ብርቱነት ብቻ ቢሆን ኖሮ፣ ሌሊት ተነሥተው ገበያ ከሚውሉት ሴቶች ስንቱ በተሻገረ ነበር። የጎደለው ዱቤ የሚያምናቸው፣ ሚዛን የሚያስረክባቸው፣ ከአዲስ አበባ ገዢ ጋር በስልክ የሚያገናኛቸው ሰው ነው።

ሕጉ የቻለውን አድርጓል

ሕጉ ከገበያው ቀድሞ ሄዷል ቢባል ስሕተት አይሆንም። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ባልን የቤተሰቡ ራስ ያደርግ ነበር። በ1992 ዓ.ም. የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ ይህን ሽሮ ባልና ሚስት ንብረታቸውን በጋራ እንዲያስተዳድሩ ደነገገ። የአማራ ክልልም በ1995 ዓ.ም. የራሱን የቤተሰብ ሕግ አወጣ። ውጤቱን የመረመሩ የዓለም ባንክ ተመራማሪዎች እንዳመለከቱት፣ ሕጉ ቀድሞ በተሠራባቸው ክልሎችና ከተሞች ሴቶች ከቤት ውጭ ባለ ሥራ፣ በሙሉ ጊዜ ሥራና የተሻለ ሙያ በሚጠይቅ ሥራ የመሰማራታቸው መጠን ከሌላው አካባቢ ይበልጥ አድጓል።

መሬትም እንዲሁ ነው። በክልሉ ከ1995 ዓ.ም. ጀምሮ የተሰጠው የይዞታ ደብተር የባልንና የሚስትን ስም፣ ፎቶግራፋቸውንም ጭምር ይይዛል። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የተንቀሳቃሽ ንብረት ዋስትና አዋጅ ደግሞ ቤት የሌለው ሰው በከብት፣ በእህል፣ በማሽንና በሌላም ንብረት ብድር እንዲጠይቅ መንገድ ከፈተ። ይህ ከማንም በላይ የሚጠቅመው በስሟ ቤት የሌላትን ሴት ነው።

ታዲያ ሕግ በር ይከፍታል እንጂ እጅ ይዞ አያስገባም። አዋጁን የሚያነብ የባንክ ሥራ አስኪያጅ አለ፤ አንብቦም “ባለቤትሽን ይዘሽ ነይ” የሚል አለ። ሁለቱ ሰዎች አንድ ዓይነት ደመወዝ ይበላሉ። ከሁለቱ የትኛው ለሥራው እንደ ደከመ ግን ማንም አልመዘገበም። የሽልማት ጥቅሙ እዚህ ላይ ነው።

የሚሸለመው በምን ይለካ?

ሽልማት ለወሬ እንዳይሆን በሚቆጠር ነገር መለካት አለበት። ለነጋዴና ለደላላ መለኪያዎቹ ሦስት ቢሆኑ ይበቃል።

አንደኛው ሚዛን ነው። በመጋዘኑ ስንት ሴቶች መዝነው ዋጋ ይቆርጣሉ? በገበያ ቀን ገንዘብ ተሰጥቷቸው እህል እንዲገዙ የሚላኩ ሴት ገዢዎች ስንት ናቸው? ለቃሚና አበጣሪ ሴቶች መቅጠር እዚህ ውስጥ አይቆጠርም፤ እርሱ ድሮም ነበረና።

ሁለተኛው ፊርማ ነው። በድርጅቱ የባንክ ሒሳብ ላይ የምትፈርም ሴት አለች ወይ? በሚስት ስም የንግድ ፈቃድ አውጥቶ በባል ፊርማ የሚሠራ ድርጅት እዚህ ላይ ይጋለጣል። የገበሬዎች የኅብረት ሥራ ማኅበራትና ዩኒየኖችም ከዚህ ጥያቄ አያመልጡም። በብዙ ቀበሌ የማኅበሩ አባልነት በአባወራው ስም ስለሚያዝ እማወራዋ ጉልበቷን እንጂ ድምፅዋን አታዋጣም። ሴቶችን በራሳቸው ስም አባል አድርጎ፣ ከሥራ አመራር ኮሚቴው አስገብቶ፣ ገንዘብ ያዥነቱን ያስረከበ ሊቀ መንበር ካለ ስሙ ይጠራ።

ሦስተኛው ዋስትና ነው። የገንዘብ ታሪክ ያላት ሴት ለሁለተኛ ብድር አትቸገርም፤ የመጀመሪያው ነው የሚከብደው። በክልሉ አብቁተ ተብሎ በአነስተኛ ብድር የጀመረውና በኋላ ፀደይ ባንክ የሆነው ተቋም ለብዙ የገጠር ሴቶች ያንን የመጀመሪያ ብድር በቡድን ዋስትና አቅምሷል። በአዲስ አበባ በ2005 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው እናት ባንክ በ11 ሴቶች ጠንሳሽነት የተቋቋመ ሲሆን፣ ማስያዣ የሌላቸው ሴቶች በሌሎች ሰዎች ተቀማጭ ዋስትና እንዲበደሩ አሠራር ዘርግቷል። የባንኩን የዲሬክተሮች ቦርድ የመሩት ወይዘሮ መዓዛ አሸናፊ ቀደም ሲል የኢትዮጵያ ሴት የሕግ ባለሙያዎች ማኅበርን ካቋቋሙት አንዷ ናቸው፤ ማኅበሩ ለቤተሰብ ሕጉ መሻሻል የተሟገተ ነው። በፍርድ ቤት የተጀመረው ክርክር በባንክ ካዝና መቀጠሉ ያለ ምክንያት አይደለም። መብት ያለ ገንዘብ ሩቅ እንደማይሄድ ያዩ ሰዎች ሥራ ነው።

ተቃውሞዎቹ

“ገበያ ጾታ አያውቅም፤ የሚያተርፍ ይሸለም” የሚል ነጋዴ አይጠፋም። ገበያ ጾታ ባያውቅ ኖሮ የሚዛኑ ቦታ እንዲህ ባልተለየ ነበር። ልማድ ዋጋን እንደሚያዛባ ከደላላ የበለጠ የሚያውቅ የለም።

ሁለተኛው ተቃውሞ የወጪ ነው፤ ይህ ግን በዋዛ መታለፍ የለበትም። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ የወሊድ ፈቃድን ወደ 120 ቀን አሳድጓል፤ ደመወዙን የሚከፍለውም አሠሪው ነው። አራት ሠራተኛ ያለው የፍኖተ ሰላም ሱቅና መቶዎች የሚሠሩበት ፋብሪካ ይህን ወጪ እኩል አይሸከሙትም። በዚህ ምክንያት ሴት መቅጠር የሚሸሽ አለ። ወጪውን ችሎ ሴቶችን የቀጠረና ከወሊድ ሲመለሱ ቦታቸውን ጠብቆ የቆያቸው አነስተኛ ነጋዴ ከትልቁ ይልቅ ሊከበር የሚገባውም በዚህ ምክንያት ነው።

ሦስተኛው የመንገድ ነገር ነው። ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ወዲህ በክልሉ በተነሣው ግጭት ንግዱ ብዙ ተጎድቷል። መንገድ ሲዘጋ፣ ስልክና ኢንተርኔት ሲቋረጥ መጀመሪያ ከገበያ የምትወጣው ትንሽ ካፒታል ያላት ሴት ናት። በክፉ ቀን ዱቤዋን ያራዘመላት፣ ጭነቷን ከጭነቱ ጋር ያሻገረላት ጅምላ ነጋዴ በደህና ቀን ከሚሰጥ የምስክር ወረቀት የበለጠ ሠርቷል። ሽልማት ይህንም ሊቆጥር ይገባል።

ልማድ አይለወጥም ለሚል ደግሞ በዚያው በአማራ ክልል፣ በደቡብ ጎንደር አውራ አምባ አለች። ዙምራ ኑሩ የመሠረቱት ይህ ማኅበረሰብ ሥራን የሚያከፋፍለው በጾታ ሳይሆን በችሎታ ነው። ሴት ታርሳለች፣ ትሸምናለች፤ ወንድ ይፈትላል፣ እንጀራ ይጋግራል። የሽመና ውጤቱን ገዝቶ የሚሄደው እንግዳ የሸመነው ወንድ ይሁን ሴት ከጨርቁ ላይ ማንበብ አይችልም።

ሽልማቱ ትእዛዝ ይሁን

ለዚህ ሥራ ቡሬ ጥሩ ቦታ ናት። ከአዲስ አበባ ወደ ባሕር ዳር የሚወስደውና ወደ ነቀምት የሚሻገረው መንገድ የሚገናኙባት ከተማ ናት። በ2013 ዓ.ም. የፊቤላ የዘይት ፋብሪካ የተመረቀው እዚያው ነው፤ የቡሬ የተቀናጀ የግብርና ማቀነባበሪያ ኢንዱስትሪ ፓርክም በዚያው ዓመት ተመርቋል። እንዲህ ያሉ ትልልቅ ገዢዎች ባሉበት አካባቢ ጥያቄው ጥሬ ዕቃውን በስሟ የምታቀርብ ሴት ስንት ናት የሚል መሆን አለበት።

የፍኖተ ሰላምና የቡሬ ነጋዴዎች በንግድ ማኅበሮቻቸው አማካይነት ሽልማቱን ቢጀምሩት ብዙ ወጪ አይጠይቅም። ቀኑ ግን የካቲት 29 ባይሆን ይመረጣል። በርበሬና በቆሎ ተሰብስቦ፣ ሒሳብ ተዘግቶ መዝገብ ሲታይ ይሁን። ዳኞቹ ንግግር ሳይሆን ካርኒና የባንክ ፊርማ ይመርምሩ። ተሸላሚውም የግድግዳ ሰዓትና ካባ ተቀብሎ ወደ ቤቱ ከሚሄድ፣ ከፋብሪካና ከዩኒየን የመጀመሪያው የአቅርቦት ውል ይሰጠው። ነጋዴ በጭብጨባ ይደሰታል፤ በትእዛዝ ግን ይለወጣል። ጎረቤቱ ሴት ገዢ ሾሞ ውል ሲያገኝ ያየ ነጋዴ በሚመጣው ዓመት የሚዛኑን ቁልፍ ለማን እንደሚሰጥ ደግሞ ማሰቡ አይቀርም።