የወጣቶች ጥግ፦ ከ«ኔጊማ» በኋላ ምን እናንብብ?

እዚህ ሆዳን የጃፓኑን ማንጋ «ኔጊማ»ን በፈረንሳይኛ አንብበው የጨረሱ ልጆች «ቀጥሎስ?» እያሉ ይዘውኛል። የኬን አካማትሱ ሥራ በ38ኛው ቅጽ፣ እ.ኤ.አ. በ2012 አልቋል።

እኔ መጀመሪያ «ምኑን ወደዳችሁት?» ነው የምለው። ሴቶቹ አንዱን ወንድ ከበው ሲያስጨንቁት ያለው ሳቅ ከሆነ «ሮዛሪዮ ፕላስ ቫምፓየር» አለላችሁ፤ ተራ ልጅ ሳያውቅ የጭራቆች ትምህርት ቤት ይገባል። የመጀመሪያው ክፍል 10፣ ሁለተኛው 14 ቅጽ ነው። ወላጆች ግን ልብ በሉ፣ በ«ኔጊማ»ም በዚህም ለታናናሾች የማይሆን ሥዕል አለ። ሥዕል ስላለው ብቻ የሕፃን መጽሐፍ አይደለም።

አስማቱንና ትምህርት ቤቱን ከሆነ የወደዳችሁት፣ «ማሽል» ይበልጣል ባይ ነኝ። ሁሉም አስማተኛ በሆነበት አገር አስማት የሌለው ሰው መኖር አይፈቀድለትም። ማሽ ይህን ደብቆ፣ ጡንቻውን ብቻ ይዞ ትምህርት ቤት ይገባል። የሚፈልገው ካሳደገው ሽማግሌ ጋር በሰላም መኖር ነው፤ በቃ። ታሪኩ እንዲህ ከባድ ሆኖ እንዴት እንደሚያስቅ! 18 ቅጽ ነው።

በአማርኛ ለሚሻ ደግሞ «ጀምበር» አለ። ትምህርት ቤት የለበትም፤ አዲስ አበባ ሥራ የሚፈልግ ምሩቅ ድንገት ልዩ ኃይል ያገኛል።

ማንጋው እንደ ዐረብኛ ከቀኝ ወደ ግራ ነው የሚነበበው፤ ከመጨረሻው ገጽ እንዳትጀምሩ።