ልጅ ዕውቀትን ራሱ እንዲገነባ ስለ መርዳት

የልጅን አእምሮ እንደ ባዶ እንስራ፥ መምህሩንም እንደ ውኃ ቀጂ አድርገው የሚገምቱ ብዙዎች ናቸው። ነገር ግን ልጅ ወደ ትምህርት ቤት የሚመጣው በቤቱ ያየውንና የሠራውን ይዞ ነው፤ አዲሱም ትምህርት የሚጸናለት በዚሁ በቀድሞው ዕውቀቱ ላይ ራሱ ሲገነባው ነው። እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1896 ዓ.ም. የተወለዱት ሁለት ሊቃውንት፥ የስዊሱ ዣን ፒያዤና የሩስያው ሌቭ ቪጎትስኪ፥ ይህን በየበኩላቸው አስረድተዋል። የፊተኛው ልጅ ሠርቶና መርምሮ እንደሚያውቅ፥ የኋለኛውም ብቻውን የማይችለውን ከሚበልጠው ጋራ ሆኖ እንደሚችለው አሳይተዋል።

ስለ ምሳሌ በጉራጌ አገር ያለችውን የጉብሬን ከተማ እንመልከት። በ2004 ዓ.ም. የተከፈተው የወልቂጤ ዩኒቨርሲቲ የሚገኘው በዚያ ነው። የዚያ አገር ልጅ እናቱ እንሰት ስትፍቅ፥ በቅጠል በተነጠፈ ጉድጓድ ስትቀብረው፥ ሰንብቶም ሲኮመጥጥ እያየ ያድጋል። እንግዲህ መምህሩ በዓይን ስለማይታዩ ረቂቃን ሕያዋን ሊያስተምር ቢወድ፥ ትርጓሜውን በሰሌዳ ጽፎ «ገልብጡ» ከማለቱ አስቀድሞ፥ «ቆጮው በጉድጓድ ውስጥ የሚለወጠው ስለ ምንድር ነው?» ብሎ ይጠይቅ። አንዱ ሙቀቱ ነው፥ ሌላው እርሾው ነው ይላል፤ ሁሉም ምክንያቱን ይናገር። ጥቂቱን ሊጥ በሞቃት፥ ጥቂቱን በቀዝቃዛ ሥፍራ አኑረው ልዩነቱን ይመልከቱ። ከዚህ በኋላ መምህሩ ስሙንና ሥርዓቱን ቢነግራቸው አይረሱትም።

ይህ አሠራር ለአገራችን እንግዳ አይደለም። በቅኔ ቤት መምህሩ መንገዱን ያሳያል፤ ተማሪው ግን ለብቻው ሆኖ የራሱን ቅኔ ይቈጥራል፥ ለመምህሩም ነግሮ ይታረማል። ሁለት ቤት ካለው ከጉባኤ ቃና ጀምሮ ስምንት ቤት ወዳለው ወደ መወድስ በደረጃ ይወጣል እንጂ የሌላውን ቅኔ በቃል በመያዝ ብቻ ባለቅኔ አይባልም።

እንግዲህ መምህሩ ሥራ ፈታ የሚል ቢኖር ተሳስቷል፤ ጥያቄን ማዘጋጀትና የሁሉን ቃል ሰምቶ ማረም ከማጻፍ ይልቅ ይከብዳል። ልጆችን አምስት አምስት አድርጎ ማስቀመጥም ብቻውን አይበቃም፤ ጐበዙ ጽፎ የቀሩት ዝም ካሉ ትምህርቱ የአንዱ ብቻ ነው። ፊደልን የመሰለውንም መነሻ መምህሩ በግልጥ ሊሰጥ ይገባዋል፤ ያለ ድንጋይ ቤት አይሠራምና።

የነገው ሹም የዛሬው ተማሪ ነው። የአንቀጹን ቃል በቃሉ ይዞ፥ ባለጉዳይ በአንቀጹ ያልተጻፈ ነገር ይዞ ሲመጣ ግን የሚጨነቅ ሹም ለሕዝብ ምን ይጠቅማል? በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ችግርን መፍታት የሚችል ዜጋ እንዲገኝ አስቦ ነበር። ይሁን እንጂ በቤቱ «ዝም በል» እየተባለ ያደገ ልጅ በትምህርት ቤት ይጠይቃል ብሎ ተስፋ ማድረግ ከንቱ ነው። ስለዚህ ወላጆች ሆይ፥ ልጃችሁ ከትምህርት ቤት ሲመለስ «ምን ተማርክ?» ብቻ ሳይሆን «ምን ጠየቅህ?» ብላችሁ እንድትጠይቁት እናሳስባለን።